ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ፦ ስለተጎዳ ሃርድ ዲስክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲስኩ ውስጥ የሚያሳሳዎት ፋይል ካለ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያጥፉት፤ ይህን በስልክዎ ያንብቡት።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። የሃርድ ዲስክ ችግር ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ፤ ግን ጽሑፉ ምን እንደሚል መለየት ያስፈልጋል። «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ወይም «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ካለ፣ ኤችፒ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ብሎ ከሥሩ 3ኤፍ0 የሚል ኮድ ካመጣ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ አላገኘሁም እያለ ነው። ምክንያቱ የሞተ ዲስክም፣ የላላ ኬብልም፣ የተዛባ የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ሴቲንግም ሊሆን ይችላል። «ኤ ዲስክ ሪድ ኤረር ኦከርድ» የሚለው ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ዲስኩ ተገኝቷል፣ ሲነበብ ግን እምቢ ብሏል።

ከሁሉም በላይ በቁም ነገር የሚወሰዱት ዲስኩ ስለራሱ የሚሰጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ኤችፒ ላይ 301 የሚል ቁጥር ያለው የስማርት (ዲስኩ የራሱን ጤንነት የሚከታተልበት ሥርዓት) መልእክት፣ ዴል በራሱ ምርመራ ሲፈተሽ የሚያወጣው 2000-0142፣ ዴስክቶፖች ላይ የሚመጣው «ስማርት ስታተስ ባድ፣ ባካፕ ኤንድ ሪፕሌስ» ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ዲስኩ ሊሞት ነው፣ ፋይልህን አውጣ። ብዙ ሰው ኤፍ1 ወይም ኢንተር ተጭኖ ያልፋቸዋል፤ ዊንዶውስም ይነሳለታል፣ ነገሩም ይረሳል። ያ መልእክት ከወጣ በኋላ ፋይል ሳይገለብጡ ማደር የለብዎትም።

አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ተበላሽቶ ከሆነ እንዴት ሊነሳ ቻለ?

ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ጭልጥ ብሎ ላይሞት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከፊል ከፊሉ ነው የሚሞተው። መረጃው ሴክተር በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። አንዱ ሴክተር ሲደክም ዲስኩ ደጋግሞ ሊያነበው ይሞክራል፤ በዚህ ጊዜ ነው ዊንዶውስ ነጠብጣቦቹ እየዞሩ፣ የዲስኩ መብራት ሳይጠፋ እንደበራ ደቂቃዎች የሚያልፉት። ሙከራው ከተሳካ ይነሳል። ካልተሳካ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ወይም «ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር» እያለ ራሱን ሲያጠፋና ሲያበራ ያድራል።

ችግሩ ሥራ ላይ እያሉ ሳይሆን በተለይ ሲነሳ የሚታይበትም ምክንያት አለው። ዊንዶውስ ሲነሳ በየቀኑ ያንኑ ብዛት ያለው ፋይል ይፈልጋል፤ የደከመው ሴክተር ከእነዚህ በአንዱ ላይ ካረፈ ማለፊያ የለም። በዚያ ላይ ሞተሩ ከቆመበት ተነስቶ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ዙር እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ዲስኩ ብዙ ኃይል የሚስብበት ነው። «ጠዋት አይነሳም፣ ሦስት አራት ጊዜ አጥፍቼ ሳበራው ይነሳል» የሚባለው ዲስክ አሁንም ፋይል ይሰጣል ማለት ነው፤ ነገ መስጠቱን ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ በተነሳበት ሰዓት ፊልም ማየት ወይም ዊንዶውስ አፕዴት ማድረግ ሳይሆን መገልበጥ ነው።

ቫይረስ፣ ራም ወይም የባዮስ ባትሪ ሊሆን አይችልም?

ይችላል፤ መለያው ግን ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ምንም ሳያመጣ የሚጮህ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራም ነው፤ ቴክኒሻኖች ነቅለው ጥርሱን በላጲስ የሚያጸዱትም ለዚህ ነው። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ድሮ የሚመለስ ዴስክቶፕ ደግሞ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪው አልቋል። ባትሪው ሲያልቅ ባዮስ የትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ያዘዙትን ይረሳና ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ዲስክ የለም» ሊል ይችላል። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ርካሽ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ።

ቫይረስ ዊንዶውስን ሊያበላሽ ይችላል፤ ዲስክን ጠቅ ጠቅ ሊያሰኝ ግን አይችልም። ኬብልን በተመለከተ፦ ዴስክቶፕ ከሆነ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ነቅሎ በሌላ መቀየር፣ ላፕቶፕ ከሆነ ዲስኩን ከሶኬቱ አውጥቶ በደንብ መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በተለይ ላፕቶፑ ወድቆ ከነበረ ይህን ሳያዩ ዲስኩ ሞቷል ብለው አይደምድሙ።

ከውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል። ምንድን ነው?

ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ለስላሳ የመሽከርከር ድምፅ አለው፤ ፋይል ሲፈልግም ሥርዓት የሌለው ቀጭን ኮሽታ ያሰማል። የሚያስፈራው በእኩል ልዩነት የሚደጋገም ድምፅ ነው፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና መሽከርከሩን ያቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነስቶ ያንኑ ይደግማል። ይህ ሄድ የሚባለው ማንበቢያ ያለበትን ቦታ ማወቅ አቅቶት ወደ መነሻው እየተመለሰ የሚያሰማው ነው። ዲስኩ ራሱ ቀጭን ጢጥታ ካሰማ ደግሞ ሞተሩ መዞር አቅቶታል፤ ብዙ ጊዜ ሄዱ መረጃው በሚጻፍበት ክብ ሳህን ላይ ተጣብቆ ነው። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚመስል ድምፅ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሄዱ መረጃው የተጻፈበትን ሽፋን እየፋቀው ነው።

ከነዚህ አንዱን ከሰሙ ያጥፉት፤ «አንድ ጊዜ ልየው» ብለውም አያብሩት። እዚህ ጋ በሶፍትዌር የሚሠራ ነገር የለም። ውስጡ ያለው መረጃ ገንዘብ የሚወጣበት ከሆነ የሚሄደው መረጃ ማውጣትን ሥራዬ ብሎ ወደያዘና የሄድ ቅያሬ በንጹሕ ክፍል ውስጥ ወደሚሠራ ባለሙያ ነው። ያን ያህል ካልሆነ ደግሞ መረጃው እንደሄደ ቆጥሮ አዲስ ዲስክ መግዛት ነው።

ፎርማት ቢደረግ አይስተካከልም?

ይህ ከሁሉም የበለጠ የምጠየቀው፣ መልሱም ከሁሉም የበለጠ የሚያሳዝነኝ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ሲታመም የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ዊንዶውስ ብቻ ተበላሽቶ ከሆነ ይሠራልም። ዲስኩ ራሱ ከተጎዳ ግን ፎርማት ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ ፋይልዎ የነበረበት ላይ አዲስ ዊንዶውስ ይጻፍበታል፤ የተጻፈበት ቦታ ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር አይመለስም። ሁለተኛ፣ በደከመ ዲስክ ላይ ሙሉ ዊንዶውስ መጫን ለሰዓታት ማስሮጥ ነው፤ የቀረው አቅም እዚያ ያልቃል።

ግራ የሚያጋባው፣ ከፎርማት በኋላ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ደህና መሆኑ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ስላረፈ፣ የተበላሹትም ሴክተሮች ዲስኩ በያዛቸው መለዋወጫ ሴክተሮች ስለተተኩ ነው እንጂ ዲስኩ ድኖ አይደለም። ኮምፒውተርዎ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፎርማት ከተደረገና ያው ስህተት ከተመለሰ፣ ሦስተኛ ፎርማት አይክፈሉ። ጥገና ቤት ሲሰጡም ከሁሉ በፊት «ፋይሌ ሳይወጣ ምንም እንዳትነካው» ብለው ይናገሩ፤ ቢቻል በጽሑፍ ያስይዙ።

«ስካኒንግ ኤንድ ሪፔሪንግ ድራይቭ» ብሎ ቆሟል። ልጠብቀው ወይስ ላጥፋው? ቼክ ዲስክስ ላስኪድ?

መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ከመጣና ቁጥሩ እየሄደ ከሆነ ይጠብቁት። በየቀኑ የሚመጣ ከሆነ ወይም አንድ ፐርሰንት ላይ ለሰዓታት ተጣብቆ ከቀረ ግን ዲስኩ እየደከመ ነው፤ ያጥፉትና ወደ ፋይል ማውጣት ይሂዱ።

ቼክ ዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ የተሠራው የፋይል ሥርዓቱን እርስ በርስ ለማስማማት እንጂ ፋይል ለማዳን አይደለም። ያልገባውን የፋይል መዝገብ ይቆርጣል፣ ይሰርዛል፣ ትርፍራፊውን ስም በሌላቸው ቁርጥራጮች ያስቀምጣል። የተበላሸ ሴክተር እንዲፈልግ ሲታዘዝ ደግሞ ዲስኩን ከጫፍ ጫፍ ያነባል። በጤነኛ ዲስክ ላይ ይህ ጥሩ ነው። በሚሞት ዲስክ ላይ የመጨረሻዋን ትንፋሽ ለማይረባ ሥራ ማዋል ነው። ከፋይል ማውጣቱ በኋላ የፈለጉትን ያህል ያስኪዱት።

ዲስኩ መታመሙን በምን በእርግጠኝነት ላውቅ እችላለሁ?

ዊንዶውስ የሚነሳልዎ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሲከፍቱት ሰማያዊ ጤነኛ፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ መጥፎ ነው። ከቀለሙ ይልቅ ግን ከታች ያለውን ሠንጠረዥ እንዲያዩ እመክራለሁ። በሠንጠረዡ እያንዳንዱ የስማርት መለኪያ መለያ ቁጥር አለው፤ በፕሮግራሙ ላይ ቁጥሮቹ በሌላ የአቆጣጠር ሥርዓት ስለሚታዩ 5 እንዳለ 05 ሆኖ ሲገኝ፣ 197 የሚባለው ሲ5፣ 198 የሚባለው ሲ6፣ 199 የሚባለው ደግሞ ሲ7 ተብሎ በላቲን ፊደል ይገኛል። 05 በመለዋወጫ የተተኩትን ሴክተሮች ይቆጥራል። ሲ5 ማንበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ደግሞ ጭራሽ ያልተነበቡትን ነው። ሦስቱም ዜሮ ሲሆኑ ጥሩ ነው። ሲ5 ዜሮ ካልሆነና ዛሬ ካዩት ነገ ከፍ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሲ7 ብቻውን ከጨመረ ደግሞ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የኬብሉ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ ካልተነሳ የኮምፒውተሩን የራሱን ምርመራ ይጠቀሙ። ኤችፒ ሲበራ ኤፍ2፣ ዴል ኤፍ12 ተጭነው ዲያግኖስቲክስ የሚለውን ይመርጣሉ። አጭሩን ምርመራ ብቻ ያስኪዱ፤ ረጅሙ ሰዓታት ይወስዳል፣ ለደከመ ዲስክም ሸክም ነው።

ስማርቱ «ጤነኛ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም አይነሳም። ማንን ልመን?

ምልክቱን ይመኑ። ስማርት መጥፎ ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ጤነኛ ሲል ግን ዋስትና አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ያሳተመው ጥናት ሁለቱንም ያሳያል። በፍተሻ የመጀመሪያው የንባብ ስህተት የተገኘበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት 39 እጥፍ ነበር። በሌላ በኩል ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና በሚባሉት አራት የስማርት ምልክቶች ላይ አንድም ስህተት ሳያስመዘግቡ ነው የሞቱት።

የመብራት መቆራረጥ ነው ያበላሸው?

በከፊል። መብራት ድርግም ሲል በመጻፍ ላይ የነበረው ነገር ይቋረጣል፤ ዊንዶውስ ለመነሳት የሚፈልገው ፋይል ከሆነ ዲስኩ ራሱ ሳይጎዳ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። በየቀኑ ብዙ ጊዜ መጥፋትና መምጣት ደግሞ ሄዱን በድንገት ወደ ማረፊያው እየመለሰ፣ ሞተሩን ደጋግሞ እያስነሳ ዕድሜውን ያሳጥራል። ስታቢላይዘር የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምንም አያደርግልዎትም። ለዚያ ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልገው፣ ለአምስት ደቂቃ ቢይዝም በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ባትሪው የሞተና ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕም ከዴስክቶፕ አይሻልም፤ ባለቤቱ ግን ላፕቶፕ ስለሆነ የተጠበቀ ይመስለዋል።

ከመብራቱ እኩል የምወቅሰው ሌላ ነገር አለ፦ ክዳኑን ገጭ አድርጎ ዘግቶ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ታክሲ መያዝ። ዲስኩ እስኪቆም ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ክዳኑ ተዘግቶም አይተኛም። ሄዱ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ነው። መንገዱን ያውቁታል።

ዊንዶውስ ሳይነሳ ፋይሎቼን እንዴት ላውጣ?

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ የሊኑክስ ሲስተም) ፍላሽ ላይ አድርጎ ከፍላሹ መነሳት ነው። በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ኡቡንቱን ያወርዱና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋ ባለው ፍላሽ ላይ ይጽፉታል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው እንደሚጠፋ አይርሱ። ከዚያ የታመመውን ኮምፒውተር ሲያበሩ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9፣ ዴልና አብዛኛው ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12 ተጭነው ፍላሹን ይመርጣሉ። «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን እንጂ «ኢንስቶል» የሚለውን አይንኩ። የፋይል መስኮቱን ሲከፍቱ የዊንዶውስ ዲስክዎ በስተግራ ይታያል፤ ዩዘርስ ውስጥ ገብተው በስምዎ ያለውን ፎልደር ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገለብጣሉ። «ሪድ ኦንሊ» ነው ቢል አይጨነቁ፣ ለመገልበጥ ይሄው ይሻላል።

ሁለተኛው ዲስኩን ፈቶ አውጥቶ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። ትንሹ የላፕቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኃይል ይሠራል፤ ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ ግን የራሱ የኃይል አዳፕተር ያለው መቀየሪያ ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ዊንዶውስ የተጎዳ ዲስክ ሲሰካበት «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል መስኮት ያመጣል። ካንስል ይበሉት። «ስካን ኤንድ ፊክስ» ቢልም እንደዚያው።

በሁለቱም መንገድ ሁሉንም በአንዴ ምልክት አድርገው ኮፒ አይበሉ። መጀመሪያ ምትክ የሌለውንና ትንሹን፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ ፋይል፣ የቤተሰብ ፎቶ። የሰርግ ቪዲዮው ቀጥሎ ይመጣል። ፊልምና ዘፈን የመጨረሻው ነው፣ ቢቀርም ይቅር።

ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ማውጣት የሚረሱት የትኛውን ፋይል ነው?

ዴስክቶፕና ዶኩመንትስ ሁሉም ያስታውሳል። ከቴሌግራም የወረዱ ፋይሎች ግን ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው የሚከማቹት፤ ዘንድሮ የብዙ ቢሮ ደብዳቤ ያለው እዚያ ነው። የፒችትሪ ተጠቃሚ ከሆኑ የድርጅቱ ሒሳብ ዶኩመንትስ ውስጥ አይደለም፣ ፕሮግራሙ ለብቻው በያዘው ፎልደር ውስጥ ነው። የት እንደሆነ ካላወቁ ዲስኩን በሙሉ ማስቀዳት ይሻላል። የብራውዘር ቡክማርክና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም በስምዎ ባለው ፎልደር ውስጥ በተደበቀው አፕዳታ ውስጥ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ በተለይ ለቆዩ መሥሪያ ቤቶችና ጸሐፊዎች፦ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተተየቡ የድሮ ሰነዶች ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል አጻጻፍ) አይደሉም። ፋይሉን አድነው ፎንቱን ከተዉት፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በአማርኛ ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የሚታየው። ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር በሙሉ አብረው ይገልብጡት። የዓመታት ሰነድ ድኖ የሚያነበው ሰው ያጣበትን ቢሮ አይቻለሁ።

መገልበጥ ይጀምርና መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ምን ይሻላል?

ተራ ኮፒ የማይነበብ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ዲስኩም እዚያው ሲታገል ይጎዳል። ለዚህ የተሠራው የሊኑክስ መሣሪያ ዲዲሬስኪው ይባላል። አሠራሩ ብልህ ነው፦ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ያሻግራል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ ያልፋል፤ በመጨረሻ ነው ወደ አስቸጋሪዎቹ ተመልሶ ጥቂት በጥቂት የሚሞክረው። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ ሞቆ እረፍት ቢያስፈልገው ካቆመበት ይቀጥላል። ካርታውን ግን በሌላ ጤነኛ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት፤ ከኡቡንቱ ፍላሽ ተነስተው እዚያው ካስቀመጡት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የሚቀዳበት ዲስክ ከታመመው እኩል ወይም የበለጠ መጠን ያለው መሆን አለበት። ከየትኛው ወደየትኛው እንደሚቀዳ ሲያዝዙ የዲስኮቹን መጠንና ሞዴል ጮክ ብለው እያነበቡ ያረጋግጡ፣ ቢገለበጥ ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፋል። ትእዛዝ መጻፍ የማያውቁ ከሆነ ይህን ለሚያውቅ ሰው ይስጡ። ቅጂው ካለቀ በኋላ የፋይል ማዳኛ ሶፍትዌርም ሆነ ቼክ ዲስክ የሚሠራው ቅጂው ላይ ነው፤ ዋናው ተነቅሎ ይቀመጣል።

ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ቢትሎከር 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቀኛል።

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ባለቤቱ ሳያውቅ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ዲስኩን ይቆልፉታል። ዲስኩ በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ እያለ ቁልፉን አይጠይቅም፤ ሲወጣ ወይም የባዮስ ሴቲንግ ሲነካ ይጠይቃል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲከፈት በተጠቀሙበት የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ተቀምጧል፤ በስልክዎ ብራውዘር ገብተው ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ሥር ያገኙታል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ። ላፕቶፑን ሌላ ሰው አካውንት ከፍቶልዎ ከነበረ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው።

ቁልፉ ከሌለ ባለሙያም ቢሆን አይከፍተውም፤ «ያለ ቁልፍ እከፍታለሁ» የሚልዎትን አይመኑ። ቁልፉ ካለ ደግሞ የተጎዳውን ዲስክ ሳይከፍቱ በዲዲሬስኪው እንዳለ ያስቀዱና ቅጂውን ዊንዶውስ ላይ ሰክተው በቁልፉ ይክፈቱት።

ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት፣ ከፍቶ ማየት ወይም ቦርዱን መቀየር ይረዳል?

ፍሪዘር አይረዳም። ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛ ባለው ሳህን ላይ ሄድ ማስኬድ ደግሞ መጨረሻው ነው። ክዳኑን በተራ ክፍል ውስጥ መክፈትም እንደዚያው፤ በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት ሄዱ ከሚንሳፈፍበት ከፍታ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

ቦርድ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ የተገጠመውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ መቀየር በድሮ ዲስኮች ላይ የሠራበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ግን ለዚያ አንድ ዲስክ ብቻ የተስተካከለ መረጃ የያዘ ቺፕ ቦርዱ ላይ አለ። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ያንን ቺፕ ነቅሎ ወደ አዲሱ ሳያዛውሩ ዲስኩ አይነሳም። በተሳሳተ ቻርጀር ወይም በመብራት ግፊት ቦርዱ የተቃጠለበት ዲስክ በዚህ መንገድ ሊድን ይችላል፣ ቺፕ መንቀል የለመደ እጅ ካለ።

አዲስ ልገዛ ነው። ምን ልግዛ? ምንስ ልጠንቀቅ?

ዊንዶውስ የሚጫንበት ከሆነ ኤስኤስዲ (መረጃን በሚሽከረከር ሳህን ሳይሆን በቺፕ የሚይዝ ዲስክ) ይግዙ። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ከመነሳት ጀምሮ ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለውም መንገጫገጭን ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ግን አሮጌውን ፈቶ ማየት ያስፈልጋል፤ 2.5 ኢንች የሳታ ቦታ ያለው ላፕቶፕና ኤም ዶት 2 የሚባለውን ቀጭን ካርድ የሚቀበለው አንድ ዓይነት አይገዙም። ላፕቶፑ ኦሪጅናል ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይዞ ከመጣ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ ሲቀየር አይጠፋም፤ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ጭነው ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ኮምፒውተሩ ከቻለ 11ን ይጫኑ።

አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ አለ። ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለውን ያስከፍቱ። አንድ ዓመት 8760 ሰዓት ነው፤ «አዲስ» የተባለው ዲስክ ሺህዎችን ካሳየ ይመልሱት። ይህ ቁጥር ሊሰረዝ እንደሚችልም ይወቁና የብሎን ቦታዎቹ ላይ የመፈታት ምልክት ይፈልጉ። በዋጋ የማይመስል ርካሽና በቴራ የሚቆጠር ኤክስተርናል ወይም ፍላሽ ሲያጋጥምዎ ደግሞ ኤች2 ቴስት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልተው ይፈትሹት። የሐሰተኛው ችግር የሚታየው ሲሞላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፋይልዎ ጠፍቷል።

የኔ ኤስኤስዲ ነው፤ እሱም ያው ስህተት አመጣ።

ኤስኤስዲ ሲሞት ድምፅ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ባዮስ ላይ ራሱ አይታይም። አንዳንዱ ግን መጻፍ ብቻ ያቆምና ለማንበብ ይፈቅዳል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ መጻፍ ስለሚፈልግ አይነሳም፣ በኡቡንቱ ፍላሽ ከተነሱ ግን ፋይሉ አለ። ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ያንን ይሞክሩ። በስህተት የተሰረዘን ፋይል ከኤስኤስዲ መመለስ ግን ከሃርድ ዲስክ በጣም ይከብዳል፤ ትሪም የሚባለው ሥራ የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው ባዶ እንዲሆን ያስደርጋል።

አሮጌውን ዲስክ ምን ላድርገው?

ባካፕ አያድርጉበት። ለካሜራ መቅጃም አይስጡት፣ ቀን ከሌሊት መጻፍ ለደከመ ዲስክ አይሆንም። ከጠጋኙም መልሰው ይውሰዱት፤ «ለእኔ ይጠቅመኛል» ቢልዎትም የቤተሰብዎ ፎቶና የባንክ ሰነድዎ ያለበት ዕቃ ነው።

ከመጣልዎ በፊት፣ የሚሠራ ከሆነ ኩዊክ የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉ ፎርማት ያድርጉት፤ ሙሉው በየቦታው ዜሮ ይጽፋል። የደንበኛ ወይም የመሥሪያ ቤት መረጃ የነበረበት ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ግን ሳህኖቹ መሰበር አለባቸው። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ሲመታ ይፈነጣጠራል፤ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፣ ዓይንዎን ሸፍነው ይምቱት።